ጭድ የሌለበት ተራራ

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በኮሮናው ከቤት አትውጡ ተብለን ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ውስጥ ተዘግተን በተቀመጥንበት ሰሞን ነው። መስጊዱ ዝግ፣ ሱቁ ዝግ። ልጄ ጀማል ቴምቢሳ ካለው ስፓዛ ከሚሉት ትንሽ ሱቁ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ምግብ ስለሚሸጥ ፈቃድ ሰጥተውታል፣ መመላለሱ ግን አስቸጋሪ ሆኖበታል። ቤት ያለነው ምራቴ፣ እኔና የልጅ ልጄ ሀያት ነን። ሀያት እዚሁ ጆሃንስበርግ ተወልዳ ያደገች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ትምህርቷ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ ስልኩ ከእጇ አይወርድም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገቤ ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና፣ “አባባ፣ ይሄን እይ” አለችኝ። “ህንዶችም ሎክዳውን ናቸው። ፋብሪካው ሲቆም፣ መኪናው ሲቆም፣ ጭሱ ሁሉ ጠፋ። ሰዎቹ ጣሪያ ላይ ሲወጡ ተራራ ታያቸው። እዚያው ተወልደው አይተውት የማያውቁ አሉ አሉ።”

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። የቤት ጣሪያ፣ የውሃ በርሜል፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። ከዚያ ሁሉ ማዶ ነጭ ነገር ተደርድሯል። ደመና እንዳትሉት ጫፉ የሾለ ነው፤ ተራራ እንዳትሉት ቁመቱ ሰማዩን አጋምሶታል።

“ሂማላያ ነዋ” አልኩ።

“እንዴት አወቅከው?”

“ሠርቼዋለሁ።”

“ሀይቦ፣ አባባ።” ከሱቅ ደንበኞች አፍ የለመደችው የዙሉ ቃል ነው፤ ነገሩ አልዋጥ ሲላት ይወጣታል። “ሂማላያን? አንተ?”

“በጭቃ። ከአንድ ህንዳዊ ጋር።”

ሳቀች። አልፈርድባትም። እሷ የምታውቀው ተራራ ከወርቅ ጉድጓድ ወጥቶ ከከተማው በስተደቡብ የተቆለለውን ቢጫ አፈር ነው። እንግዲህ ጊዜ ሞልቶናልና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። እንደ ነገርኳት አድርጌ እዚህ ልጻፈው።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው። አገሬ ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ጠዋት ስትነሡ የተራራው ሰንሰለት በስተምዕራብ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። አባቴ ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ጭቃ ሠራተኛ ሆንኩ። ቤት መምረግ ነው ሥራዬ።

ጭቃ ብዬ ሳልፈው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቀይ አፈር ይቆፈራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ ጭን እስኪንቀጠቀጥ በእግር ይረገጣል። ሲያበቃ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይቦካል፤ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ጭዱ እስኪለሰልስና ሽታው አፍንጫ እስኪይዝ ድረስ። ያ ሽታ ለሌላው ሰው ግማት ነው፤ ለእኛ ሥራው መድረሱን የሚናገር ደወል ነበር። ሥራውን ከለመድኩት በኋላ ማሰብ ትቻለሁ። እጄ አፈርና ውሃ ሲነካ ወደ ጭዱ ራሱ ይሄዳል።

ከተማችን ውስጥ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሚስተር ነጊ የሚባል ህንዳዊ መምህር ነበር። ከተማው ግን ጋሽ ነጋ ብሎ የራሱ አደረገው። አጭር፣ ጉንጩ የቀላ፣ ሰው ሁሉ ጋቢ በሚደርብበት ብርድ በሸሚዝ የሚሄድ ሰው ነው። ሥጋ አይበላም፤ ይህ ለከተማው ትልቅ ወሬ ነበር። ምን በልቶ ሊኖር ነው ይላሉ። ቆጮ በጎመን ነዋ። ሚጥሚጣ ይነሰንስበትና ግንባሩ ላብ እስኪያወጣ ይበላል። አማርኛውን የተማረው ከቤት አከራዩ ከእትዬ ዘይነባ ነው። እትዬ ዘይነባ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከሴት ልጆቿ ጋር ስለነበር፣ ጋሽ ነጋ ወንዱንም ሴቱንም፣ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ጭምር “አንቺ” ነበር የሚለው። የሚቆጣው ሰው አልነበረም።

ግንቦት ላይ ነው። የእትዬ ዘይነባን ጓዳ ልመርግ ጭቃ አቡክቼ፣ እስኪደርስ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ጋሽ ነጋ ደብዳቤ ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ሻይ፣ ወተትና ዝንጅብል አንድ ላይ አፍልቶ የሚጠጣው ነገር አለ፤ አንድ ብርጭቆ ሰጠኝና የራሱን ሳይጠጣ እንዲሁ ያዘው።

“ከድር፣ አንቺ ጭቃ ታውቂያለሽ” አለኝ።

“ሌላ የማውቀው የለኝም።”

“እኔ ተራራ አውቃለሁ። አንድ ላይ እንሥራ።”

ነገሩን ቀስ አድርጎ ነገረኝ። ተወልዶ ያደገው ሂማላያ ውስጥ፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ባለ መንደር ነው። ደብዳቤው ከታላቅ ወንድሙ ነው። ከመንደሩ በላይ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ፣ የተራራ ጎን ተንዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ወንዙ ተገደበ። ከግድቡ ኋላ ያለው ውሃ ሐይቅ ሆኖ በየቀኑ ከፍ እያለ ነው። የመንግሥት ሰው መጥቶ አየና፣ ሲሞላ በላዩ ቀስ ብሎ ይፈስሳል፣ አትስጉ ብሎ ተመለሰ። የመንደሩ ሰው ግማሹ እንውጣ፣ ግማሹ እንቆይ ይላል። እናቱ ደግሞ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጥታለች፦ መሬት የተማረ ልጅ አለኝ፤ እሱ ውጪ ካለኝ እወጣለሁ፣ ቆዪ ካለኝ እቆያለሁ፣ የሌላ ሰው አልሰማም። የዝናቡ ወራት ሊገባ የቀረው ከአንድ ወር ብዙ አይበልጥም።

“ታዲያ ውጪ በላታ” አልኩት። “ምን ቸገረህ?”

“ወዴት ትወጣለች? ላይ፣ ግጦሹ ጋ፣ የከብት ጎጆ ነው ያለው። ብርድ ነው። አሮጊት ናት፣ ደረቷን ያማታል። ዝናቡን ሁሉ እዚያ ከከረመች ብርዱ ይገድላታል። ከቆየች ደግሞ...” ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው። “ዝም ብዬ መናገር አልችልም፣ ከድር። ማወቅ አለብኝ።”

ከእትዬ ዘይነባ እንሰት ጀርባ አሥር ክንድ የሚሆን ቦታ አጸዳን። ለጓዳዋ የተቦካው ጭቃ ለዚያ ዋለ። እሷም፣ “እኔ ጓዳ ብዬ፣ እሱ ህንድን ይመርግልኛል” እያለች ታጉረመርማለች፤ ግን ውሃ የምታቀርበው እሷ ናት።

ጋሽ ነጋ በእጁ ካርታ የለውም። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በበትር መሬቱ ላይ ይስላል፣ እኔ እከምራለሁ። አቤት የዚያ ሰው ማስታወስ። የእያንዳንዱን ጅረት መታጠፊያ፣ የእያንዳንዱን ገደል ፊት ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ተራራ ማለት ወጥተህ ወጥተህ በመጨረሻ ሜዳ የምታገኝበት ነገር ነበር የሚመስለኝ። የእነሱ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ትልቁ ሜዳ አለ፤ ከዚያ የጠጠር ኮረብታ፤ ከዚያ ጥቁር ደን የለበሰ ሸንተረር፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ሌላ ሸንተረር፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ፤ መጨረሻ ላይ ነጩ። “ዘቢዳርን በዘቢዳር ላይ ብትጭኚ ነጩ ጫፍ አትደርሺም” አለኝ። ዘቢዳር የእኛ ትልቁ ተራራ ነው።

እዚያ ላይ በረዶው ራሱ ወንዝ ነው። ዓይን በማያየው እርምጃ፣ ድንጋይ እየፈጨ ይወርዳል። የወንዙ ውሃ ያንን የተፈጨ ድንጋይ ተሸክሞ ስለሚመጣ ወተት ጠብ ያለበት አመድ ይመስላል። ተራራው ፀሐይ የሚያየው ጎኑ ሣር፣ ጀርባ የሰጠው ጎኑ ደን ነው። ደኑ ውስጥ ክረምት ሳይገባ ጫካውን ሁሉ ቀይ በቀይ የሚያደርግ ባለ አበባ ዛፍ አለ። ከፍ ስትል ዛፍ ያበቃና የበጋ ግጦሽ ይመጣል፤ ከግጦሹ በላይ ድንጋይ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን እዚያ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይገኛል ማለቱ ነው።

“ማን ወሰደው?”

“ማንም። ባሕር ነበር። ተራራው ከባሕር ነው የተነሣው። አሁንም ያድጋል።”

“አሁንም?”

“ይሄ እንሰት ሲያድግ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“ሲያድግ አላየሁም። አድጎ ነው የማየው።”

“እንደሱ ነው” አለኝ።

ከዚያ በኋላ እንሰት ባየሁ ቁጥር ያ ነገር ይመጣብኝ ነበር። አራተኛ ክፍል የቀረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ወደ ጭንቅላቱ አያስገባውም፤ ሆዱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

በአራተኛው ቀን የክብሪት ሳጥኖች ሰጠኝና፣ ቤቶቹ እነዚህ ናቸው፣ በየቦታቸው አስቀምጪ ብሎኝ ወደ ክፍሉ ሄደ። እኔም በኖራ ያነጣሁት የተራራ ጫፍ ሁሉ ላይ ቤት ቤቱን አሳምሬ ደረደርኩ። ለእርሻ የሚሆን ሜዳ ስለሌለ ሁለት ሦስቱን ጫፍ በመዳፌ ደልደል አደረግኩላቸው። ሲመለስ አይቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

“እናቴን በረዶ ላይ አስቀመጥሻት። ምን በደለችሽ?”

“ታዲያ ሰው የት ሊኖር ነው? ታች? ታችማ ወባ ነው፣ ጅብ ነው።”

በእኛ አገር ተራራ መውጣት ወደ ሰው መውጣት ነው። ገበያው፣ እርሻው፣ ዘመዱ ያለው ደጋው ላይ ነው፤ ሸለቆ ተሻግረውት የሚያልፉት ቦታ ነው። የእነሱ ተገልብጧል። ጫፉ የማንም አይደለም፤ ሰው ከታች፣ ተራራና ወንዝ በሚገናኙበት፣ መኝታ በሚያህል እርከን ላይ ተጣብቆ ያርሳል። ጋሽ ነጋ የእናቱን ሳጥን አነሣና ወንዙ እንደ ክርን በሚታጠፍበት፣ አውራ ጣት በምታህል ሜዳ ላይ አኖራት። “ጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው” አለኝ። “ጠዋት ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትደርሰው፣ ምክንያቱም ተራራውን መውጣት አለባት።”

ከዚያ ወደ ላይ ሄዶ የተናደውን ጎን በበትሩ አሳየኝ። ከጉድጓዱ ጭቃ አምጥቼ ሸለቆውን ደፈንኩት። ሁለት ቀን ፀሐይ መታው። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ጋሽ ነጋ በጣሳ ውሃ ያፈስስ ጀመር። ሐይቁ ከግድቡ ኋላ ቀስ እያለ ሞላ፣ ጠርዙ ደረሰ፣ ከዚያ በአንድ በኩል ቀጠን ብሎ በላዩ ፈሰሰ። የመንግሥት ሰው እንዳለው ማለት ነው። የክብሪት ሳጥኗ ደረቅ። ሦስት ጊዜ ሞላነው፣ ሦስት ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ግድቤ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ፤ ሠራተኛ ነኝና የሠራሁት ሲቆም ደስ ይለኛል።

ጋሽ ነጋ አቀፈኝ። ልብሱ ጭቃ ሆነ። እዚያው ተቀምጦ ቴሌግራሙን ጻፈ፤ ቆዪ የሚል ነው። ቴሌግራም ወደ ባሕር ማዶ የሚላከው ከአዲስ አበባ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የጭነት መኪና ደግሞ በማግስቱ፣ በገበያው ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ እትዬ ዘይነባ ጓዳ ተመለስኩ። አዲስ ያቦካሁት ጭቃ አልበቃኝም፤ ወደ ጥግ ስደርስ አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ቀረች። ሌላ ላቦካ ብል ጭዱ አልቋል።

“እትዬ፣ ጭድ ላኪ።”

“ለዚያች? እንዲሁ ለጥፈውና ገላግለኝ።”

“ጭድ የሌለው ጭቃ አንድ ዝናብ አይችልም። ላዩ ደህና ይመስልሻል፣ ከሥሩ ውሃ ይጠጣና አንድ ጊዜ...”

አፌ ላይ ቀረ።

“ምነው? እባብ አየህ?”

“የወደቀው ተራራ ጭድ የለውም” አልኳት።

ምን እንደምል አልገባትም። እኔም ቆሜ አላስረዳኋትም። እስከ ጉልበቴ ጭቃ እንደሆንኩ ወደ ገበያው ሮጥኩ። ያን ግድብ የሠራሁት በተቦካ፣ ጭድ በጠጣ፣ በተረገጠ ጭቃ ነው። ማንም አላዘዘኝም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ እጄ እሱን አነሣ። ቤት የሚያቆም ጭቃ ነው። ተንዶ የወደቀን ተራራ ግን ማን ረግጦታል? ማን አቡክቶታል? በእኔ እጅ ጥንካሬ ተማምና አንዲት አሮጊት ቤቷ ልትቀመጥ ነው።

ሰው እያየኝ ይስቃል። “ከድር፣ ግድግዳው አባረረህ?” የሚል ሰማሁ። መኪናው ሞተሩ ተነሥቷል፣ አጠናውም ቆጮውም ተጭኗል፣ ጋሽ ነጋ ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጧል። በሩን ይዤ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

“ጋሽ ነጋ፣ ውረድ። ግድቡ ልክ አይደለም።”

“ምን ሆነ? ፈረሰ?”

“አልፈረሰም። ጥፋቱ እሱ ነው። ጭድ አለበት።”

ሾፌሩ፣ “መምህር፣ ትሄዳለህ ትወርዳለህ? ዝናብ ሳይጥል ቡታጅራን ማለፍ አለብኝ” አለው።

“ከድር፣ እርግጠኛ ነሽ? ሌላው መኪና ሰኞ ነው።”

“ስለ ተራራ እርግጠኛ አይደለሁም። ስለ ጭቃ ግን እርግጠኛ ነኝ። የኔ ጥፋት ነው፤ ሳላስብ ነው የሠራሁት።”

ወረደ። ሾፌሩ፣ “የጭቃ ሠራተኛ ያዘዘውን መምህር አየን” ብሎ በሩን ዘጋና ሄደ።

የድሮውን ግድብ በዶማ አፈረስነው፤ ጠንክሮ እጃችንን አደማን። ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ ጉድጓድ የወጣ ጥሬ አፈርና ጠጠር አመጣሁና ከላይ ደፋሁት። እግሬ ሊረግጠው ይቃጣዋል፤ ከለከልኩት። ተንዶ እንደወደቀ ይሁን ብዬ ተውኩት። እትዬ ዘይነባም ጓዳዋን ትታ መጥታ አጠገባችን ቆመች።

ጋሽ ነጋ ያፈስሳል። ውሃው ይሞላል። ላዩ ላይ ምንም የለም። ሁለት ጣት ሲቀረው ከግድቡ ሥር ጠጠሩ ያልበው ጀመር። ከዚያ ክር የምታህል ውሃ ወጣች፤ መጀመሪያ ንጹሕ፣ ቀጥሎ ድፍርስ። “ይሄውልህ” ልለው ስል ሁሉም አንድ ላይ ሄደ። ውሃው ወርዶ ከታጠፈው ገደል ጋር ተላተመ፣ ከዚያ ዞሮ በሜዳዋ ላይ ወጣ። ውሃው ሲያልፍ ሳጥኗ ብቻ አይደለም የጠፋችው፣ ሜዳዋም የለችም።

ከዚያ እትዬ ዘይነባ፣ “ልጄ፣ እናትህን አውጣ” አለችው።

የቴሌግራሙን ወረቀት ቀደደና ሌላ ጻፈ። መኪና የለም፤ በእግራችን ወደ ቡታጅራ ተነሣን። እትዬ ዘይነባ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ እግር ሲነሣ ጫማ ይቀራል። በግራ በኩል ተራራው ደመና ለብሶ አብሮን ይሄዳል። እንሰት፣ ጫት፣ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና እንሰት። ጋሽ ነጋ ሰማዩን እያየ፣ “የእኛ ዝናብ ገና ባሕር ላይ ነው” አለኝ፤ ጥቂት ሄደንም ደግሞ እሱኑ አለኝ። እኔ ሸንኮራ እየላጥኩ አቀብለዋለሁ። ቡታጅራ ሊመሽ ሲል ደረስን፤ ጠዋት በአውቶቡስ አሳፈርኩት። ቴሌግራሙ ላይ፣ ወደ ግጦሹ ውጪ፣ ዛሬውኑ፣ ልጅሽ ይላል፤ ራሱ ተርጉሞ ነግሮኛል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ክረምቱ ገባ። ደጅ የተውነው ሂማላያችን ዝናብ ሲመታው መጀመሪያ ኖራው ታጠበ፣ ከዚያ ሸንተረሩ ረገበ። ጋሽ ነጋ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። አንድ ቀን፣ “ብርዱ ገድሏት ከሆነ፣ ግድቡም ካልፈረሰ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት” አለኝ። “እኔም አለሁበት” አልኩት።

ደብዳቤው የመጣው መስከረም ላይ ነው። ጭቃ የማቦካበት ቦታ ድረስ ይዞት መጣ፤ ሳያነብልኝ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። እናቱ ላሟን ነድታ፣ ልጇን እየረገመች ወጥታለች። መንደሩ የእሷን ግትርነት ያውቃልና፣ እሷ ከወጣችማ ነገሩ የምር ነው ብሎ ተከትሏታል። ከብርዱ የተነሣ ስትስል ነው የከረመችው። በዝናቡ አጋማሽ አንድ ጠዋት ግድቡ ከሥሩ ሄደ፤ ወንድምየው እንደ ነጎድጓድ ነበር ይላል። ቤቷ፣ እርሻዋ፣ ደጇ ላይ የነበረው ትልቅ ዛፍ፣ የቆሙበት መሬት ራሱ የለም። ሰው ግን አልሞተም።

መጨረሻው ላይ የእናትየው መልእክት አለ። ልጇ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የእኔን ነገር ነግሯት ኖሮ፣ “ያ ጭቃ የሚያውቀው ሰው ይምጣና ቤቴን ይሥራልኝ፤ ከቤቴ ያስወጣኝ እሱ ነውና” ብላለች።

ሀያት እስከዚህ ስትሰማ ቆይታ፣ “እና ሄድክ?” አለችኝ።

“የት?”

“ቤቷን ልትሠራላት።”

አልሄድኩም። ጋሽ ነጋ ከዓመት በኋላ ውሉ አልቆ ሲመለስ፣ ነይ፣ አብረን እንሂድ ብሎኝ ነበር። እኔ ፓስፖርት የሚባለው ነገር የት እንደሚሰጥ እንኳ አላውቅም፤ ደግሞ ላገባ ቀን ቆርጫለሁ። ከአገሬ የወጣሁት አርጅቼ፣ ልጄን ተከትዬ ነው፤ እሱም ወደ ሌላ አቅጣጫ።

ሀያት ስልኳን ነካካችና የዚያን አገር ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አወጣችልኝ። “የቱ ጋ ነው መንደሩ? ንገረኝ፣ አገኘዋለሁ።” የመንደሩን ስም ያኔም በደንብ አልያዝኩትም። ብቻ ቅርጹን አውቀዋለሁና አገኘዋለሁ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ወንዝ፣ እንደ ክርን የሚታጠፍ፣ በስተግራ ገደል። አየሁ። ደግሞ ሌላ አየሁ፣ እሱም ይታጠፋል። ጣቷን ስትገፋው ሌላ ሸንተረር፣ ከጀርባው ሌላ፤ በእያንዳንዱ ሥር ግራጫ ክር፣ በክሩ መታጠፊያ ሁሉ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ። ያ ሁሉ ሰው ያለበት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ገፋችው፣ አላለቀም። ሃምሳ ዓመት ሂማላያን ሠርቻለሁ ስል ኖሬ፣ የሠራሁት ከእጅ መዳፍ ላይ አንዲት መስመር መሆኗን ያን ቀን አየሁ። ይህ አላሳፈረኝም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሳላይ ባለመሞቴ አላህን አመሰገንኩ።

እነዚህን ወራት፣ የማናውቃቸው ሰዎች በሬዲዮ ቤታችሁ ሁኑ እያሉን፣ ግማሻችን እያመንን ግማሻችን እየተጠራጠርን ነው የከረምነው። እኔም አጉረምርሜያለሁ። ያቺ ሴት ግን ከዚያ ሁሉ ተራራ መካከል ሆና፣ ልጇ ከሩቅ በላከላት ጥቂት ቃል ቤቷን ዘግታ፣ የታመመ ደረቷን ይዛ ወደ ብርዱ ወጣች። ቃሉ የማን እጅ ሥራ እንደነበረ ያኔ አላወቀችም።

“አባባ፣ እናትየዋ ከዚያ በኋላስ?” አለችኝ ሀያት፣ ጣቷ አሁንም ተራራውን እየገፋ።

ጋሽ ነጋ ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ጽፎልኝ ነበር። እዚያው ሸለቆ ውስጥ፣ ከውሃው ከፍ ባለ እርከን ላይ ቤት ሠርተውላታል። ከነዚህ መስመሮች የትኛው ውስጥ እንደሆነ አላውቅም። ብዙ ኖራ፣ አርጅታ፣ አልጋዋ ላይ ሞተች። ይህን አውቃለሁ።